ጠባሳ ይመሰክራልን? — ዕጢን በእሳት ስለማከም አጭር ታሪክ

ባለፈው መስቀል አገር ቤት፣ ጥያ፣ ሄጄ ከአያቴ ጋር ተከራክሬ ተረታሁ። ነገሩ እንዲህ ነው። የአክስቴ ልጅ አንገቷ ላይ፣ ከጆሮዋ ዝቅ ብሎ፣ እብጠት ወጥቶባት ነበር። ሲጀምር ባቄላ ያህል ነበር፤ እኔ ሳየው የዶሮ እንቁላል ሊያህል ምንም አልቀረው። ክትፎው ተበልቶ፣ ቡናው ሦስተኛው ላይ ሲደርስ፣ አያቴ «ይተኮስላት» አሉ። እኔም በዩኒቨርሲቲ አፌ «አባባ፣ ይኸ እኮ ጊዜው ያለፈበት ነገር ነው» አልኳቸው።

አልተቆጡም። ጋቢያቸውን ገለጥ አድርገው አንገታቸውን አሳዩኝ። ከመንጋጋቸው ሥር ሦስት ክብ ክብ ጠባሳ አለ፤ በልጅነታቸው በጋለ ማጭድ ጫፍ የተተኮሱበት ነው። «እዚህ ላይ እንደዚችው ያለ ዕጢ ነበረ። ተተኮሰ፣ ጠፋ። ይኸው 80 ዓመት ሊሞላኝ ነው። ይኸስ ጊዜው አልፎበታል?» አሉኝ። ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እኔ ግን የምመልሰው አጣሁ። ታሪክ እያጠናሁ ነው የምለው ሰውዬ ሊሉኝ ይችላሉ፤ አንድ ጠባሳ ፊት ለፊት ቆሞ ሲመሰክር ግን መጻሕፍቱ ሁሉ ከአእምሮዬ ጠፉ።

ይህ ጽሑፍ ያን ዕለት ያጣሁት መልስ ነው። እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፣ እናንተም አገር ቤት ስትገቡ እንዲህ ያለ ክርክር አይቀርላችሁምና እስቲ አብረን እንየው።

ከራሴ አገር ልጀምር። ከአዲስ አበባ በቡታጅራ መንገድ የሚወርድ ሰው ጥያ ሲደርስ 36 ትክል ድንጋዮች ያገኛል። 32ቱ ሰይፍና ሌላም ሌላም ምልክት የተቀረጸባቸው ናቸው። በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ልጆች ሆነን «የማን ናቸው?» ብለን ስንጠይቅ የሚሰጠን መልስ አንድ ነበር፦ «የግራኝ ድንጋይ ናቸዋ!» ይህን የማይመሰክር ሽማግሌ አልነበረም። ተመራማሪዎች ሥራቸውን ሲቆፍሩ ግን መቃብር ሆኖ ተገኘ። የተቀበሩትም በ12ኛውና በ14ኛው መቶ ዓመት መካከል የኖሩ፣ አብዛኞቹም ወጣቶች ነበሩ። ኢማም አሕመድ ሽምብራ ኩሬ ላይ የተዋጋው እ.ኤ.አ. በ1529 ነው። ስለዚህ ድንጋዮቹ ከ100 ዓመት በላይ ይቀድሙታል ማለት ነው።

ሽማግሌዎቻችን ዋሹ እንበል? አልዋሹም። ድንጋዩን በዓይናቸው አይተዋል። ሰይፉንም አይተዋል። ታላቅ ጦርነት እንደነበረም ከአባቶቻቸው ሰምተዋል። ሁለቱን እውነት በአንድ ገመድ አሰሩት፤ የተሳሳተው ገመዱ ነው። የአያቴም ነገር እንዲሁ ነው። ዕጢ ነበረ፣ እውነት። ተተኮሰ፣ እውነት። ጠፋ፣ እውነት። «ስለተተኮሰ ጠፋ» የሚለው ግን ገና መቆፈር ያለበት ነገር ነው።

መቼም ሕዝባችን እሳትን ለመድኃኒትነት ሲጠራ ከሜዳ ተነሥቶ አይደለም። ቋንቋውን እንኳ ልብ እንበል። ቁስል ይተኮሳል፣ ልብስ ይተኮሳል፣ ጠመንጃም ይተኮሳል። ትኩሳትም፣ ትኩስ እንጀራም ከዚያው ሥር የበቀሉ ቃላት ናቸው። ከዚህም ሌላ በእንፋሎት መታጠን አለ፤ ፍል ውኃ መግባትም አለ። አዲስ አበባ ራሷ የተቆረቆረችው እቴጌ ጣይቱ የወደዱት ፍል ውኃ አጠገብ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ሙቀት ክፉን ነገር ከሰውነት ያወጣል የሚለው እምነት የአንድ ወረዳ አይደለም፤ የእኛም ብቻ አይደለም።

የዓለምን ታሪክ ብንጠይቅ እጅግ ሩቅ ይወስደናል። ኤድዊን ስሚዝ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1862 ሉክሶር ላይ አንድ የፓፒረስ ጥቅል ገዛ። ጥቅሉ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1600 ገደማ የተጻፈ የሐኪም መጽሐፍ ሲሆን 48 በሽተኞችን አንድ በአንድ ይገልጻል። ጡት ላይ የወጣ አንድ ዓይነት እብጠት በእሳት እንዲተኮስ ያዛል። ጠንካራ፣ ቀዝቃዛ፣ እያደገ የሚሄድ ሌላ የጡት እብጠት ዘንድ ሲደርስ ግን ሕክምና የለውም ብሎ ያልፋል። ለእኔ በዚያ ጥቅል ውስጥ ትልቁ ነገር እሳቱ አይደለም፤ ይህ «የለውም» የሚለው ቃል ነው። ሐኪሙ የቻለውን ብቻ ሳይሆን ያልቻለውንም ጽፎ ተወልን።

ከዚያ 2600 ዓመታት ያህል ቆይቶ፣ በአንዳሉስ፣ ኮርዶባ አጠገብ አል ዘህራዊ የሚባል ታላቅ ቀዶ ሐኪም ተነሣ። በ30 ክፍል በጻፈው የሕክምና መጽሐፍ የመጨረሻውን ክፍል የሚጀምረው በመተኮስ ነው። የብረቶቹን ቅርጽ ሳይቀር በሥዕል አስቀምጧል። ነቀርሳ ላይ ሲደርስ ግን ይጠነቀቃል። ትንሽ ከሆነና ከነሥሩ የሚወጣ ከሆነ ቁረጥና ዙሪያውን ተኩስ፤ ካረጀና ከተስፋፋ ግን አትንካው ይላል። እንዲህ ያለውን እርሱ አንድም አላዳነም፤ ያዳነ ሰውም አላየም። እሳትን ከሁሉ አብልጦ የሚያውቅ ሰው ነው ይህን የጻፈው!

አያቴ ቢሰሙት ኖሮ «ጎበዝ ሐኪም ነው» ባሉ ነበር፤ እውነተኛ ሰው ይወዳሉና። ችግሩ ግን የእኛ መንደር የተኮሰውን እንጂ ያልዳነውን አይመዘግብም። የዳነ ሰው አንገቱን ገልጦ ያሳያል። የሞተ ሰው ማንን ገልጦ ያሳያል?

እዚህ ላይ የፈረንሳዩ ቀዶ ሐኪም አምብሯዝ ፓሬ ትዝ ይለኛል። በእርሱ ዘመን የጥይት ቁስል መርዝ አለው ስለሚባል በፈላ ዘይት ይተኮስ ነበር። በቋንቋችን ብናየው ወታደሩ ሁለት ጊዜ ተተኮሰ ማለት ነው፤ አንዴ በጠላት፣ አንዴ በሐኪም። እ.ኤ.አ. በ1537 ጦር ሜዳ ላይ ዘይቱ አለቀበት። ለቀሩት ቁስለኞች በእንቁላል አስኳል፣ በጽጌረዳ ዘይትና በተርፔንታይን ቅባት ሠርቶ ቀባቸው። ሌሊቱን በሐሳብ እንቅልፍ አጥቶ አደረ፤ ያልተኮስኳቸው ይሞቱብኛል ብሎ። ማለዳ ሄዶ ሲያያቸው ያልተተኮሱት ሕመማቸው ቀሎ አገኛቸው። የተተኮሱት ግን በትኩሳትና በእብጠት ይሠቃያሉ። የዕጢ ነገር ባይሆንም ይህን የማነሣው ስለ ምክንያቱ ነው፦ ሁለቱን ወገን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት የቻለው በእውቀቱ አይደለም፤ ዘይቱ ስላለቀበት ነው።

አሁን ወደ ኒውዮርክ እንሻገር። ዊልያም ኮሊ የሚባል ወጣት ሐኪም የመጀመሪያዎቹ በሽተኞቹ ከነበሩት አንዷ፣ የ17 ዓመት ልጅ፣ በአጥንት ነቀርሳ ሞተችበት። አዝኖ አልቀረም፤ የሆስፒታሉን መዝገብ ያገላብጥ ጀመር። እዚያም አንድ ጀርመናዊ ስደተኛ አገኘ። ሰውየው አንገቱ ላይ ሊወጣለት ያልቻለ ዕጢ ነበረበት። በመካከሉ ኃይለኛ ትኩሳት የሚያመጣ የቆዳ በሽታ ያዘው፤ ከዚያ በኋላ ዕጢው ጠፋ። ኮሊ መዝገቡን አይቶ አልተኛም። በስደተኞቹ ሰፈር ከቤት ቤት እየዞረ ሰውየውን ፈልጎ አገኘው፤ በሕይወት ነበር። እኛ የታሪክ ተማሪዎች ምንጭ ማጣራት የምንለው ይህንን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1891 ኮሊ ራሱ ያንን የቆዳ በሽታ የሚያመጣውን ጀርም ለበሽተኞች ይወጋ ጀመር። ኋላም የተገደሉ ጀርሞችን ቅልቅል ተጠቀመ። ትኩሳቱ ሲመጣ ዕጢያቸው የቀለጠላቸው ሰዎች ነበሩ። ነገር ግን መድኃኒቱ በየጊዜው አንድ ዓይነት አልነበረም፤ መጠኑም ይለያያል፤ ተከትሎ መመዝገቡም ጎደሎ ነበር። ሌሎች ሐኪሞች ሲሞክሩት አንዱ ያደንቃል፣ አንዱ ይረግማል። የጨረር ሕክምና ሲመጣ የኮሊ ነገር ተገፋ። ዛሬ ሳይንቲስቶች ያንን ሥራ ያከናወነው የትኩሳቱ ሙቀት ብቻ ሳይሆን ከጀርሙ ጋር ሊዋጋ የነቃው የሰውነት መከላከያ እንደሆነ ይናገራሉ። እዚህም ገመዱ የታሰረው በተሳሳተ ቦታ ነበር ማለት ነው፤ ምስክሩ ግን እውነተኛ ነበር።

ቀጥሎ እሳት ወደ ኤሌክትሪክ ተለወጠ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 1926 ቦስተን ውስጥ ሃርቬይ ኩሺንግ የተባለው የአንጎል ቀዶ ሐኪም፣ ቦቪ ከሚባል የፊዚክስ ሰው ጋር ሆኖ፣ ከጥቂት ቀናት በፊት በደም መፍሰስ ምክንያት ጀምሮ የተወውን የራስ ቅል ዕጢ በኤሌክትሪክ መሣሪያ ቆርጦ አወጣ። የዚህ መሣሪያ ብልሃቱ ምንድን ነው? ብረቱ አስቀድሞ አይግልም። በፍጥነት የሚመላለስ የኤሌክትሪክ ኃይል በጫፉ በኩል ሲያልፍ ሙቀቱ የሚወለደው እዚያው ሥጋው ውስጥ ነው። እየቆረጠ ደሙን ያቆማል። ዛሬ በየቀዶ ሕክምና ክፍሉ ያለው መሣሪያ የዚያ ዘር ነው፤ አንድ ትውልድ ወደ ኋላ ብንቆጥር ደግሞ የአያቴ ማጭድ የልጅ ልጅ ነው።

እንግዲህ ማጭዱና አዲሱ መሣሪያ ልዩነታቸው ምን ላይ ነው? ሁለቱም እሳት አይደሉም ወይ? ይህን ለመረዳት ቆጮ የምትጋግር እናት ትበቃናለች። ምጣዱ ከመጠን በላይ ከጋለ ላዩ ያርራል፣ ውስጡ ጥሬ ይቀራል። ሥጋችንም እንዲሁ ነው። ከ41 እስከ 43 ዲግሪ ባለው ሙቀት የዕጢ ሕዋስ ወዲያው አይሞትም፤ አንድ ሰዓት ያህል ሲቆይበት ይዳከማል። 60 ዲግሪ ሲደርስ እንደ እንቁላል ነጩ ወዲያው ይረጋል፣ ይሞታል። ከ100 ዲግሪ ካለፈ ውኃው ይፈላል፣ ሥጋው ይከስላል። የከሰለው ሥጋ ደግሞ ሙቀቱ ወደ ውስጥ እንዳይዘልቅ ይከለክላል። ቀይ እስኪሆን የጋለ ማጭድ ከ600 ዲግሪ በላይ ነው። ቆዳውን ነክቶ ወዲያው ይነሣል። ላዩ ከሰለ፣ ሰውየው ጮኸ፣ ጠባሳውም ለዕድሜ ልክ ተቀመጠ። ከሥር ያለው ዕጢ ግን እሳት መምጣቱንም ላይሰማ ይችላል።

ስለዚህ የሙቀት ሕክምና ታሪክ እሳትን የማበርታት ታሪክ አይደለም፤ እሳትን የመመጠን ታሪክ ነው። ስንት ዲግሪ? ስንት ደቂቃ? ምን ያህል ጥልቀት? እስቲ ዛሬ ያሉትን እናወዳድራቸው።

አንደኛው መርፌው ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 በጣሊያንና በአሜሪካ ያሉ ሐኪሞች በየፊናቸው እንዳሳዩት ቀጭን መርፌ በአልትራሳውንድ እየታየ ጉበት ውስጥ ያለ ዕጢ መሐል ይገባና በኤሌክትሪክ ያሞቀዋል። ጥሩ የሚሠራው ዕጢው ከ3 ሳንቲሜትር ሳይበልጥ ነው። አጠገቡ ትልቅ የደም ሥር ካለ፣ የሚፈስ ውኃ ውስጥ የተጣደ ድስት እንደማይፈላ ሁሉ፣ ደሙ ሙቀቱን ጠርጎ ይወስደዋል። በማይክሮዌቭ የሚሠራው መርፌ ይህ ችግር ያንስበታል፤ ፈጣንም ነው።

ሁለተኛው ለስላሳው ሙቀት ነው። ይህ ለብቻው አይገድልም፤ የጨረር ሕክምናን ያግዛል እንጂ። በሆላንድ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2000 በታተመ ጥናት የማሕፀን በር ካንሰር ከያዛቸው ሴቶች መካከል ጨረር ብቻ ካገኙት ከሦስት ዓመት በኋላ በሕይወት የቆዩት ከመቶ 27 ሲሆኑ፣ ጨረርና ሙቀት ካገኙት ግን ከመቶ 51 ነበሩ። እሰየው ያሰኛል! ይሁን እንጂ በ2005 የታተመና 110 ሴቶችን የያዘ ሌላ ጥናት ይህንን ጥቅም አላገኘም። ይህን ሁለተኛውን ደብቄ የመጀመሪያውን ብቻ ብነግራችሁ ኖሮ ጠባሳ ገልጦ ከማሳየት ምን ይለየው ነበር?

ሦስተኛው ከሁሉ ትንሹ ነው። ጀርመናዊው ኩርት ዜም በ1960ዎቹ ባመጣው ዘዴ፣ በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ጫፉ 100 ዲግሪ ይግልና የማሕፀን በር ላይ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይቀመጣል። የሚያክመው ካንሰርን አይደለም፤ ካንሰር ሊሆን መንገድ የጀመረውን ቁስል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 መመሪያ አወጣለት። ከዚያ በፊት በአገራችን በብዛት ይሠራበት የነበረው በብርድ ማቃጠሉ የጋዝ ሲሊንደር ይፈልጋል፤ ከ10 ደቂቃ በላይም ይፈጃል። ይኸኛው ግን በባትሪ ይሠራል፣ ገጠርም ይደርሳል። በአገራችንም በአንዳንድ የጤና ተቋማት ገብቷል። የማሕፀን በር ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ሁለተኛው ነው። ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ የጨረር ሕክምና ይሰጥ የነበረው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ እንደነበረ ለሚያስታውስ ሰው፣ ካንሰር ሳይሆን በፊት በግማሽ ደቂቃ መገላገል ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም።

አያችሁ? ከማጭዱ እስከ መርፌው ትልቁን ድል ያገኘው ትንሹ እሳት ነው። ምክንያቱም በልክ ነው፤ ከዚያም በላይ በጊዜው ነው። እሳት የዘገየን ሰው አያድንም። አል ዘህራዊም ያለው ይህንኑ ነበር።

አሁን ደግሞ እስካሁን የሸሸግሁትን ልናገር። በዚያ የመስቀል ቀን በቤታችን ያልተነሣ ሌላ ጠባሳ ነበረ። የልጅቷ እናት፣ አክስቴ፣ የአያቴ የመጀመሪያ ልጅ ናት። ጡቷ ላይ እብጠት የወጣባት እኔ የ8ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ነው። ሁለት ጊዜ ተተኮሰች። ቁስሉ እስኪደርቅ ይጠበቃል፣ ይደርቃል፣ «ተሻላት» ይባላል። አዲስ አበባ ስትደርስ በሽታው ብብቷ ሥር አልፎ ነበር። ቀብራት ከዘመዶቿ ጋር ነው፤ ጠባሳዋም አብሮ ተቀበረ። ማንም ክፉ አላሰበም። ተኳሿም፣ አያቴም፣ ሁላችንም የምንወዳት ሰው ነበረች። ግን ያ ጠባሳ ለምስክርነት ተጠርቶ አያውቅም።

ገና ሲደርስ ተመልሼ ሄድኩ። ልጅቷ መተኮሱን ፈርታ እምቢ ስላለች እብጠቱ እንደነበረ ነው። አያቴ ምድጃ ዳር ተቀምጠው ነበር። «አባባ፣» አልኳቸው፣ «የእርስዎን ጠባሳ አምናለሁ። የአክስቴንስ ማን ይቁጠረው?» ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ፍሙን በእንጨት ሲቆሰቁሱ ቆዩና፣ ቀና ሳይሉ፣ «ልጅቷን ይዘሻት ሂጂ» አሉኝ።

በማግስቱ ቡታጅራ ወረድን። ሐኪሙ ከእብጠቱ በመርፌ ናሙና ወሰደ። ውጤቱ ሲመጣ ካንሰር አልነበረም፤ የዕጢ ቲቢ ነው። የስድስት ወር መድኃኒት ተሰጣት። አሁን ሁለተኛው ወሯ ነው፤ እብጠቱ እየጎደለ ነው። ልብ በሉ፣ አባቶቻችን የሳንባውን ቲቢም «ነቀርሳ» ይሉታል፣ ካንሰሩንም «ነቀርሳ» ይሉታል። ሁለት በሽታ አንድ ስም ከያዘ፣ አንዱን የተኮሰ እሳት የሌላውንም ምስጋና ይወስዳል። የአያቴም የልጅነት ዕጢ ይኸው ቢሆን አይደንቀኝም፤ እንዲህ ያለው እብጠት አንዳንዴ ሳይነካም ይከስማልና። ይህን ግን አልነገርኳቸውም። ማሸነፌን ማሳየት ይመስልብኛል ብዬ ተውኩት።

አያቴ ዛሬም እንግዳ ሲመጣ ጋቢያቸውን ገልጠው ጠባሳቸውን ያሳያሉ። «ተተኮሰ፣ ጠፋ» ይላሉ እንደ ድሮው። አሁን ግን ጋቢውን መልሰው ከመሸፈናቸው በፊት አንድ ነገር ይጨምራሉ፦ «ልጄም ተተኩሳ ነበር።»